«ስቲፕ ለርኒንግ ከርቭ» ችግርን አይገልጽም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

አንድ ሥራ ወይም ሶፍትዌር ለጀማሪ አስቸጋሪ መሆኑን ለመግለጽ «ለርኒንግ ከርቩ ስቲፕ ነው» (ቃል በቃል «የመማር መሥመሩ ሽቅብ ቀጥ ያለ ነው») የሚለውን የእንግሊዝኛ አነጋገር በአማርኛ ጽሑፍ ውስጥ እንዳለ መጠቀም አንባቢን ያሳስታል ብዬ አምናለሁ። አነጋገሩ የመጣው ከግራፍ ሲሆን፣ በአግድሙ መሥመር የልምምዱ ጊዜ፣ በቁሙ ደግሞ የተገኘው ችሎታ በሚሰፈርበት ግራፍ ላይ መሥመሩ ቀጥ ብሎ ሽቅብ ከወጣ፣ ተማሪው በአጭር ጊዜ ብዙ ዐወቀ ማለት እንጂ ተቸገረ ማለት አይደለም። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሄርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ስለ ማስታወስ ያደረገውን ጥናት ሲያሳትም፣ አሜሪካዊው የአውሮፕላን መሐንዲስ ቴዎዶር ራይትም በ1936 የአውሮፕላን ማምረቻ ወጪ ምርቱ በእጥፍ ባደገ ቁጥር እንደሚቀንስ ሲያሳይ፣ ሁለቱም የለኩት ልምምድ የሚያመጣውን ለውጥ ነበር። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች መሥመሩን እንደ ዳገት ቆጥረው ለችግር ማዋላቸው የእነርሱ ልማድ ነው። ግራፍ ማንበብን በትምህርት ቤት የተማረ የእኛ ወጣት ግን የሥልጠና ማስታወቂያ ላይ ይህን ሲያነብ ፍጥነትን ይረዳ ወይስ ችግርን? ስለዚህ ጸሐፊዎቻችሁ የትኛው ክፍል እንደሚከብድና ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድ በግልጽ አማርኛ እንዲጽፉልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንድ የጋዜጣችሁ አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ