የዩ ጎዳናው ምግብ ቤትና ባለቤቶቹ

ክቡር አዘጋጅ፣

በዋሽንግተን ዲሲ ዩ ጎዳና ስለሚገኘው «ቤንስ ቺሊ ቦል» ጥቂት እንድል ይፈቀድልኝ። ከትሪኒዳድ የመጡት ቤን አሊ ከቨርጂኒያ አሊ ጋር እ.ኤ.አ. በ1958 በቀድሞ ድምፅ አልባ ሲኒማ ቤት ውስጥ የከፈቱት ይህ ምግብ ቤት፣ ማርቲን ሉተር ኪንግ በ1968 ተገድለው ሰፈሩ በቃጠሎና በዘረፋ ሲናጥ፣ ከሰዓት እላፊው በኋላም በልዩ ፈቃድ ክፍት ሆኖ ፖሊሱንም ተቃዋሚውንም ይመግብ ነበር። እኔን ከሁሉ ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን የምድር ባቡር ግንባታ ጎዳናውን ለዓመታት ቆፍሮ ገበያው ሲቀዘቅዝ ቤተሰቡ ቤቱን አለመልቀቁ ነው። ቤን በ2009 ካረፉም ወዲህ ቤቱን የያዘው ቤተሰቡ ነው። በአቅራቢያው በዘጠነኛው ጎዳና ምግብ ቤት የከፈቱ ወገኖቻችን ከእነዚህ ጎረቤቶቻቸው ልምድ እንዲማሩ፣ ዝግጅት ክፍላችሁ ታሪኩን በሰፊው እንዲያቀርብ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከዋሽንግተን ዲሲ