አዳራሹን በጀርባ በር ግቡና እዩት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። ስለ ሰርግ አዳራሽ አመራረጥ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ልጄ አነበበችልኝ። ስለ መድረኩ አበባ፣ ስለ መብራቱ፣ ሙሽሮቹ ስለሚቀመጡበት ሶፋ ተጽፏል። ማድ ቤቱ ግን አንድ መስመር እንኳ አልደረሰውም። እኔ ደሴ የምኖር የሰርግ ወጥ ሠሪ ነኝ፤ 22 ዓመት እንጀራዬ ይኸው ነው። አዳራሽ የማውቀው በጓሮ በኩል ነው።

የወሎ ሰርግ ሁለት ማጀት ይፈልጋል። ክርስቲያን ሲድር ከእድምተኛው ስንቱ ሙስሊም ነው፤ ሙስሊም ሲድርም እንደዚያው። ጎረቤት አለ፣ የእድር ሰው አለ፣ ብዙ ቤት አክስትና አጎትም አለ። ስለዚህ ሁለት በሬ ይጣላል፣ አራጁም ሁለት ነው፣ ድስቱ፣ ጭልፋው፣ ሳህኑ ሁሉ ለየብቻ። ጠላው በዚያ፣ የማያሰክረው ቀሪቦ በዚህ። በግቢ ዳስ ጥለን ስንድር የጎረቤት ማጀት ይከፈትና ያንደኛው ወገን ሥራ እዚያ ያልቅ ነበር። አዳራሽ ሲመጣ ጠበበን።

አምና በጥር የሆነውን ልንገራችሁ፤ የአዳራሹን ስም አልጠራም። አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ከውስጥ ሲያዩት ዓይን ይማርካል። ማድ ቤቱ አንድ፣ ቧንቧው አንድ። የሙስሊሙን ወገን የምትሠራው ባልደረባዬ ቦታ ብታጣ ታች ሜዳ ላይ፣ ጀነሬተሩ አጠገብ ጉልቻዋን ጎለተች። የጥርን የደሴ ብርድ ያየ ያውቀዋል፤ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ንፋስ እሳቱን እያጋደመ ወጡ አልበስል አለ። ሲበስል ደግሞ አራት ፎቅ በትከሻ፤ መብራት ጠፍቶ ሊፍቱ ቆሟል፣ ጀነሬተሩም የሚያበራው አዳራሹን ብቻ ነው። እላይ ሲደርስ ማቅረቢያው አንድ ጠረጴዛ ላይ ሆነና አንዱ አስተናጋጅ (ልጅ ነው፣ አልፈርድበትም) የኛን ጭልፋ ከእነሱ ድስት ነከረው። አንዲት እናት አዩት። ወሬው ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ዞረና ያ ሁሉ ወጥ ሳይነካ ቀረ። እንግዶቹ ማንንም አልተናገሩም፤ ሩዝና ሰላጣ ቀማምሰው፣ ዱአ አድርገው ሄዱ። ባልደረባዬ አጠገቤ ቁጭ ብላ፣ "እታለም፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ጀምሮ የቆምኩት ለዚህ ነው?" አለችኝ። የምላት አጣሁ።

ከዚያ ወዲህ ቤተሰብ ሲያማክረኝ፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት እኔን ይዛችሁኝ ሂዱ እላለሁ። መጀመሪያ ቧንቧውን ከፍቼ ባልዲ እሞላለሁ። የከተማው ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ሮቶውን በእጄ አንኳኩቼ አያለሁ፤ ባዶ ሮቶ ድምፁ ይናገራል። ለ400 ሰው ሰርግ ባለ 200 ሊትር በርሜል ሦስቱ ለእጥበት እንኳ አይበቃኝም። ከሶላት በፊት ለሚታጠቡት ውዱእም ውሃ ያስፈልጋል፤ ምሳው በዙሁርና በአስር ሶላት መሀል ነው የሚውለው። የተከበሩ ሽማግሌዎች ደረጃ ሥር ካርቶን አንጥፈው ሲሰግዱ አይቼ አፍሬያለሁ። "ከውጭ ወጥ ሠሪ አናስገባም" የሚል አዳራሽ ከሆነ፣ ለሁለቱም ወገን ለየብቻ የሚሠራ ሰውና ዕቃ እንዳለው አሳዩኝ እላለሁ። ቀኑ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከዋለ ደግሞ የጾሙ ሦስተኛ ድስት ነው።

አሁን አሁን ብርዱን ሸሽቶ ኮምቦልቻ ወርዶ መደገስ ተለምዷል። አየሩ እውነትም ደስ ይላል። ግን እድምተኛው የደሴ ሰው ከሆነ ማታ ሲመለስ የሐረጎን ተራራ ጠመዝማዛ መንገድ ይወጣዋል፤ ጉም ከወረደ ከፊት ያለውን የጭነት መኪና ጭራ ማየት ይቸግራል። አሮጊቶቹ ገና ሲወርዱ ዞሮባቸው ምሳውን ሳይቀምሱት ይመለሳሉ። ይህን የምትጽፍልኝ ልጄ ደግሞ ሰርጌ ሐይቅ ዳር ነው ትለኛለች። ሙሽሮቹና ሚዜዎቹ ሄደው ፎቶ ይነሱ፣ ማን ከለከለ? እኔን ከነድስቴ 30 ኪሎ ሜትር አታንከራቱኝ።

የወሎው ንጉሥ ሚካኤል እዚሁ ደሴ ያሠሩት የግብር አዳራሽ ስሙ አይጠየፍ ነው። ማንንም አይጠየፍም፣ የመጣው ሁሉ ገብቶ ይበላል ማለት ነው። ዛሬ አዳራሽ የሚሠሩ ባለሀብቶች በዚያ ሲያልፉ ስሙን ቢያስቡት ደስ ይለኛል። አንድ ግድግዳ መሀል ላይ ቢያቆሙ፣ ሁለተኛ ቧንቧ ቢስቡ፣ የመድረኩን አበባ ያህል አያስወጣቸውም።

ለእናንተም አንድ ልመና አለኝ። ሌላ ጊዜ ስለ አዳራሽ ስትጽፉ የማድ ቤቱንም ፎቶ አውጡልን። ደሴ ከመጣችሁ እኔ አዞራችኋለሁ፤ ለባልደረባዬም ነግሬያታለሁ፣ ቡናው በእሷ ነው።

የሰርግ ወጥ ሠሪዋ
ከደሴ፣ ወሎ