ለደንባራ ፈረስ ዱቄት ከመግዛታችሁ በፊት

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

በሰሜን ቨርጂኒያ ልጆቻቸውን ፈረስ ግልቢያ ስለሚያስተምሩ የሐበሻ ወላጆች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ልጆቻችን ከሩጫና ከኳስ ሌላ ስፖርት ላይም አሉ ብሎ የሚጽፍ ብዙ የለም፤ ደግ አደረጋችሁ። ወጪውንም ሳትሸፋፍኑ ተናግራችኋል። አንድ አንቀጽ ላይ ስደርስ ግን ጋዜጣውን አስቀመጥኩት። በውድድር ቀን ለሚደነብር ፈረስ ማረጋጊያ ዱቄት ከመኖው ጋር ቢደባለቅለት ይጠቅመዋል፣ ከዕፅዋት የተሠራ ስለሆነ ምንም ጣጣ የለውም ይላል። ጣጣ አለው። የሚመጣውም በፈረሱ ላይ ብቻ አይደለም፤ በወላጅ ላይም ነው።

እኔ ፋርማሲስት ነኝ። ልጄ የምትጋልበው አንዲት ዳማ ባዝራ ናት። የራሳችን አይደለችም፣ በኪራይ ነው የያዝናት። ጋጣዋ አካባቢ ሕፃን ልጅ የሚመራት ገራም ናት። በተጎታች ተጭና ውድድር ሜዳ ስትደርስ ግን ሌላ ፍጥረት ትሆናለች። ጆሮዎቿ ይቀሰራሉ። ገና ኮርቻ ሳይጫንባት አንገቷ በላብ ይርሳል። ድምፅ ማጉያው በጮኸ ቁጥር ወደ ጎን ትስፈነጠራለች። ልጄ ደንግጣ ዛቡን ታጠብቃለች፤ ባዝራዋ ይብስባታል። ደንባራ በቅሎ ቃጭል ተጨምሮላት ማለት ይሄ ነው።

ይህን ያየች አንዲት እናት አዝናልን አንድ ዕቃ ዱቄት ይዛ መጣች። የሥራ ልማድ ነውና ገልብጬ ጀርባውን አነበብኩ። ፊቱ ላይ የካሞሚል አበባ ተስሏል፤ በትልቁ ተፈጥሯዊ ይላል። ከጀርባው፣ ከማግኒዥየምና ከቫይታሚን ቢ1 ዝቅ ብሎ፣ ያለ መነጽር በማይነበብ ፊደል ቫለሪያን ተጽፏል። ቫለሪያን እንቅልፍ እምቢ ያለው ሰው ከፋርማሲ መደርደሪያ አንስቶ የሚገዛው ነገር ነው፤ ከተክል ሥር ይሠራል። ለሰው ያለ ሐኪም ትእዛዝ ይሸጣል። በፈረስ ውድድር ላይ ግን በዓለም አቀፉ የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽንም ሆነ በአሜሪካው ፌዴሬሽን ሕግ ክልክል ነው። ዱቄቱን አመስግኜ መለስኩላት።

ተፈጥሯዊ መባሉ ምንም ዋስትና አይሆንም። ፈረስን ለቀናት የሚያደነዝዘው ሬሰርፒን መጀመሪያ የተገኘው ሕንድ ውስጥ ከሚበቅል ተክል ሥር ነው። በርበሬያችንን የሚያቃጥለው ካፕሳይሲንስ ከየት መጣ? እ.ኤ.አ. በ2008 የቤጂንግ ኦሎምፒክ ጊዜ (የፈረሱ ውድድር የተካሄደው ሆንግ ኮንግ ነበር) 4 የዝላይ ፈረሶች ካፕሳይሲን ተገኝቶባቸው ታገዱ። ኖርዌይ በቡድን ያገኘችውን ነሐስ አጣች። ካፕሳይሲን እግር ላይ ሲቀባ ስለሚያቃጥል ፈረሱ እንጨቱን ላለመንካት እግሩን ከፍ አድርጎ ይዘላል። በርበሬ ለወጥ እንጂ ለፈረስ እግር እንደሚሆን እናቴ ብትሰማ አታምንም።

ወደ ማረጋጊያው ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ2004 አቴንስ ላይ አየርላንዳዊው ሲያን ኦኮነር ዋተርፎርድ ክሪስታል በሚባል ፈረስ የዝላይ ወርቅ አገኘ። ኋላ በፈረሱ ናሙና ውስጥ ፍሉፌናዚንና ዙክሎፔንቲክሶል ተገኙ። ሁለቱም ለሰው የአእምሮ ሕመም የሚታዘዙ መድኃኒቶች ናቸው። ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ኦኮነር ውጤት ለማሻሻል ብሎ ሆን ብሎ እንዳላደረገው ተቀብሏል። ወርቁን ግን ወሰዱበት፤ ለብራዚላዊው ሮድሪጎ ፔሶዋ ተሰጠ። አያችሁ? ሆን ብሎ አላደረገም ተብሎም አልዳነም። ፈረሱ ውስጥ ከተገኘ ተገኘ ነው። ማን ሰጠው፣ ለምን ሰጠው የሚለው ቅጣት ያቀልል ይሆናል እንጂ ውጤቱን አያተርፍም።

ያ የኦሎምፒክ ነው፣ የልጆች ውድድር ላይ ማን ይመረምራል የሚለኝ አይጠፋም። የአሜሪካው ፌዴሬሽን ፈቃድ የሰጣቸው ውድድሮች ላይ መርማሪዎች ሳይታሰብ ይመጣሉ። ደምና ሽንት ይወስዳሉ፤ ያሸነፈውንም ያላሸነፈውንም ይመረምራሉ። መመዝገቢያ ቅጹ ላይ ደግሞ አሰልጣኝ የሚል የፊርማ ቦታ አለ። እዚያ የፈረመ ሰው ፈረሱ ውስጥ ለሚገኘው ነገር ተጠያቂ ነው። ልጅቷ አሰልጣኝ ይዛ ካልመጣች እዚያ ቦታ ላይ የሚፈርመው ወላጅ ነው። ስንቱ ወላጅ ነው ቅጹን የመኪናው ኮፈን ላይ አስደግፎ ሳያነብ ጫር ጫር የሚያደርገው! ጽሑፋችሁ ይህን ሳይነግር ዱቄት ስጡ ማለቱ ነው ያናደደኝ።

ሕጉ ደግሞ ባለበት አይቆምም። ጋባ የሚባል የነርቭ ንጥረ ነገር ነበር፤ ፈረስን ያረጋጋል ተብሎ በመርፌ ይሰጥ ነበር። የአሜሪካው ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2012 ከለከለው። ማግኒዥየምንም ከውድድር በፊት በመርፌ የሚወጉ ነበሩ። አሁን ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ፈረስ ለውድድር ከመግባቱ በፊት ባሉት 12 ሰዓታት ውስጥ ማንኛውንም መርፌ መውጋት አይፈቀድም።

እሺ፣ ያልተከለከለውስ? በመኖ የሚሰጥ ማግኒዥየም ክልክል አይደለም። ግን 500 ኪሎ የሚመዝን ሥራ የማይበዛበት ፈረስ በቀን የሚያስፈልገው 7.5 ግራም ገደማ ነው። ጥሩ ድርቆሽ በደንብ የሚበላ ፈረስ አብዛኛውን ጊዜ ይህን ከመኖው ያገኘዋል። ጎድሎት ከሆነ ይጠቅመው ይሆናል። ካልጎደለው የተጨመረው በሽንት ይወጣል፤ ገንዘባችሁም አብሮ። ያረጋጋል ተብሎ ከመኖ ጋር የሚሰጠውን ትሪፕቶፋን የሚባል አሚኖ አሲድም የሚያወድሱ አሉ፤ በፈረስ ላይ የተደረጉት ጥናቶች ግን ጥቂት ናቸው፣ እርስ በርሳቸውም አይስማሙም። እንግዲህ በርግጥ የሚያደነዝዘው ክልክል ነው፤ ያልተከለከለው ደግሞ መሥራቱ ያጠራጥራል። ለዚህ ነው በመሃል ቤት የሚሸጠው ዱቄት የማይዋጥልኝ።

የልጅ ነገር ስለሆነ አንድ ነገር ልጨምር። የሚያደነዝዝ መድኃኒት የወሰደ ፈረስ ጸጥ ብሎ ቆሞ ሊያታልል ይችላል። አሴፕሮማዚን የሚባለው የፈረስ ማደንዘዣ የተሰጠው ፈረስ እንኳን ክፉኛ ከደነገጠ ድንገት ይበረግጋል። እግሩን የሚያሳርፍበትም እንደ ወትሮው አይሆንም። ከላዩ የተቀመጠችው የኔ ልጅ ናት፤ ፊት ለፊቷ ያለው ደግሞ የሚዘለል እንጨት።

እኛ ሐኪም ጠራን። ሐኪሙ ስለ ጠባይዋ ሳይሆን ስለ ሆዷ መጠየቅ ጀመረ። የፈረስ ጨጓራ ሲበላም ሳይበላም አሲድ ያመነጫል። ባዶ ሆዱን በተጎታች የሄደ ፈረስ እዚያ ሜዳ ላይ የሚቆመው ጨጓራው እየተቃጠለ ሊሆን ይችላል። የውድድር ፈረሶች ላይ የጨጓራ ቁስለት እንግዳ ነገር አይደለም። ቀጥሎ ኮርቻው ጀርባዋን ይቆረቁራት እንደሆነ በእጁ እየዳሰሰ አየ። ከዚያ ስለ አጃው ጠየቀን። እውነትም ውድድር ሲቃረብ ጉልበት እንዲሆናት ተብሎ ይጨመርላት ነበር። ብዙ እህል የሚበላ ፈረስ ብዙ ድርቆሽ ከሚበላው ይልቅ በቀላሉ ይደነግጣል አለን።

ልጄን በጣም የገረማት ግን እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ የስዊድን ጥናት ነው። ሰዎች ፈረስ ይዘው ወይም ጋልበው ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ በተደጋጋሚ እንዲያልፉ ተደረገ። መጨረሻው ዙር ላይ ስታልፉ ጃንጥላ ይከፈትባችኋል ተባሉ። ጃንጥላው አልተከፈተም። የሰዎቹ የልብ ምት ግን ጨመረ፤ የፈረሶቹም አብሮ ጨመረ። ፈረሶቹ ስለ ጃንጥላ የሚያውቁት ነገር አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ልጄ በሩ ላይ ስትደርስ መጀመሪያ የራሷን ትንፋሽ ታስተካክላለች፣ ዛቡንም ላላ ታደርጋለች።

ጥር 23 የአገው ፈረሰኞችን በዓል እንጅባራ ላይ ያየ ሰው የምለው ይገባዋል። ያ ሁሉ ሕዝብ፣ ያ ሁሉ ጭፈራና ግልቢያ ባለበት ፈረሱ አጊጦ ሜዳውን ይሰነጥቀዋል። እዚያ ፈረስ ያርሳል፣ ገበያ ይሄዳል፣ ለቅሶ ይደርሳል። ሰው አዲስ አይሆንበትም። የኛይቱ ደግሞ አብዛኛውን ቀን ጋጣ ውስጥ ብቻዋን ቆማ ትውልና በወር አንዴ ሺህ ሰው መሃል ትጣላለች። ብትደነብር ምን ይገርማል?

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ስለዚህ የውድድሩን ቀን ትተን ከሌላው ቀን ጀመርን። አጃው ተቀነሰ፣ ድርቆሽ በመረብ ተሰቅሎ ከተጎታቹም ከሜዳውም አይጠፋም። ቀኑን ሙሉ ሜዳ ላይ ትለቀቃለች። ውድድር ሳንመዘገብ ወስደን ድምፅ ማጉያው አጠገብ ሣር አስግጠን የተመለስንበት ጊዜ አለ። አንድ ምንም የማያስደነግጠው ሽማግሌ ፈረስ አብሯት ይሄዳል። ድንጋጤው ጨርሶ ተዋት አልልም፤ አሁንም የአበባ ሳጥን የተደረደረበት መሰናክል ስታይ ታንኮራፋለች። ልጄ ግን ትስቅባታለች እንጂ አትፈራም። ላቡም ቀንሷል።

አዘጋጁን የምለምነው ትንሽ ነገር ነው። በሚቀጥለው እትም ያንን አንቀጽ አርሙልን። ለወላጆች ሁለት ነገር ንገሩልን፦ ማንኛውንም ዱቄት ከመስጠታቸው በፊት የጀርባውን ጽሑፍ ለፈረስ ሐኪም ያሳዩ፤ ቅጹ ላይ አሰልጣኝ በሚለው ቦታ ከመፈረማቸው በፊትም ያንብቡ። የውድድሩ ወቅት እየደረሰ ስለሆነ ባትዘገዩ ጥሩ ነው።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የፈረሰኛ አባት፣ ከሰሜን ቨርጂኒያ