ለጅማ የሚስማማው የጣሊያን ሳንድዊች የፓሌርሞው የሽምብራ ጥብስ በዳቦ ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ክቡር አዘጋጅ፣

«ከጣሊያን ሳንድዊች የትኛው ይበልጣል?» የሚለው ክርክር በአንባቢያን ገጽ ላይ ከተከፈተ ወዲህ የሚጻፈውን ሁሉ በጥሞና ስናነብ ቆይተናል። አንዱ ወገን ሞርታዴላ ያልገባበት ሳንድዊች የጣሊያን አይባልም ይላል። ሌላው ደግሞ ወደ አሜሪካ የተሰደዱ ጣሊያኖች በረጅም ዳቦ ላይ ብዙ ዓይነት ሥጋና ፎርማጆ እየደረደሩ የሚሠሩትን፣ በፊላደልፊያ «ሆጊ» የሚባለውን ያነግሣል። ሁለቱም ስለ ሥጋው ብዙ ብለዋል፤ ስለ ዳቦው ግን አንድ መስመር እንኳ አልጻፉም። ክርክሩ መቋጫ ያጣውም በዚህ ምክንያት ይመስለናል።

በመጀመሪያ «የጣሊያን ሳንድዊች» የሚባል አንድ ወጥ ነገር የለም። ቦሎኛ ሞርታዴላ አላት፤ በከተማዋ ስም የሚጠራውና ስሙ በአውሮፓ ሕግ የተጠበቀለት ሞርታዴላ ከአሳማ ሥጋ ብቻ የሚሠራ ነው። እኛ ዘንድ የሚሸጠው የበሬ ሥጋ ሞርታዴላ መልካም ምግብ ሊሆን ይችላል፤ «እውነተኛው ይህ ነው» ብሎ መሟገቻ ግን አይሆንም። ፍሎሬንስ የከብቱን አራተኛ የሆድ ክፍል፣ ከሽንፍላ ቀጥሎ ያለውን፣ በቲማቲም፣ በሽንኩርትና በሰለሪ ቀቅላ፣ የዳቦውን የላይኛ ግማሽ መረቁ ውስጥ ነክራ ታቀርባለች። የሲሲሊዋ ፓሌርሞ ጣፊያና ሳንባ ቀቅላ፣ በስሱ ቆርጣና በስብ ጠብሳ ሰሊጥ በተነሰነሰበት ዳቦ ትሰጣለች፤ በሎሚ ብቻ ሲሆን «ያላገባ»፣ ፎርማጆ ሲጨመርበት «ያገባ» ይሉታል። ከሲሲሊ የሄደው ሳልቫቶሬ ሉፖ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1906 በኒው ኦርሊንስ፣ በ«ሴንትራል ግሮሰሪ» መደብሩ፣ ያንኑ የአገሩን ክብ የሰሊጥ ዳቦ በሥጋ፣ በፎርማጆና በተከተፈ የወይራ ፍሬ ሞልቶ «ሙፉሌታ»ን አስለመደ። የቺካጎ ጣሊያኖች ጠንካራውን የበሬ ሥጋ በዝግታ ጠብሰው እንደ ወረቀት እያሳሱ በመረቁ ያርሱታል። ሁሉም በደጃቸው ካለው ምድጃና ቄራ የተነሡ ናቸው። ጅማም ማየት ያለባት በደጇ ያለውን ነው።

ሞርታዴላን ለምን እንደማንመክር እናስረዳ። ሞርታዴላ ጣዕሙ የሚወጣው ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ሳስቶ፣ እየታጠፈና አየር እየያዘ ሲቀመጥ ነው። በቢላ 4 እና 5 ሚሊ ሜትር ሆኖ ሲቆረጥ እንደ ጎማ ይላመጣል። ለማሳሳት የመቁረጫ ማሽን ያስፈልጋል፤ ማሽኑም ሆነ ማቀዝቀዣው መብራት ይፈልጋል። የተቆረጠ ሞርታዴላ ከ5 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ለ4 ሰዓት ያህል ከቆየ መጣል አለበት። መብራት ጠፍቶ ከሰዓት በኋላ ሲመጣ ሥጋው መልሶ ስለቀዘቀዘ ብቻ ደኅና ነው ብሎ መሸጥ ሰውን ማሳመም ነው። በዚያ ላይ ማዮኔዝ ይጨመርበታል። ማዮኔዝ የሥጋውን ጣዕም ይሸፍናል፤ በጥሬ እንቁላል የተሠራው ደግሞ ሙቀት ላይ ከቆየ ከሥጋው ያላነሰ አደገኛ ነው። ዘይትና አቼቶ ይበቃል።

አሁን ወደ ዳቦው። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ዝቅ ስለሚል ሊጥ ቶሎ ኩፍ ይላል። ለቆላ ከተማ የተጻፈ አሠራር 7 ግራም ደረቅ እርሾ ካለ እዚህ 5 ግራም በቂ ነው። ብዙ የከተማችን ፉርኖ ዳቦ ሲቆረጥ ፍርፋሪው የሚረግፈውና ውስጡ ባዶ የሚሆነው እርሾው በዝቶ ሊጡ ያለጊዜው ስለሚነፋ ነው። እንዲህ ያለ ዳቦ ዘይትና ሎሚ ሲነካው ይፈርሳል፤ የተመገበው ሰው ግን ጥፋቱን የሚያላክከው በመሐሉ ባለው ነገር ላይ ነው።

ለ12 ዳቦ የሚሆነው ልክ ይህ ነው፦ 1 ኪሎ የፉርኖ ዱቄት፣ 600 ሚሊ ሊትር ውኃ፣ 20 ግራም ጨው፣ 5 ግራም ደረቅ እርሾ፣ 20 ሚሊ ሊትር ዘይት። ሴሞሊና (ሻካራ የማካሮኒ ስንዴ ዱቄት) የሚያገኝ ሰው ከዱቄቱ 300 ግራሙን በእርሱ ይተካና ውኃውን በ30 ሚሊ ሊትር ያሳድግ፤ የሲሲሊ ዳቦ ቢጫነቱንና ጥንካሬውን የሚያገኘው ከማካሮኒ ስንዴ ነው። በክረምት ግን ዱቄቱ ራሱ እርጥበት ጠጥቶ ስለሚመጣ ውኃውን ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሊትር መቀነስ ይገባል። ስኳር አይጨመርም። ስኳር የገባበት ዳቦ ላዩ ቶሎ ይቀላል፤ ጋጋሪው የበሰለ መስሎት ያወጣዋል፣ ውስጡ ግን ገና ሊጥ ነው።

ሊጡ ለ10 ደቂቃ በደንብ ይታሻል፤ ተሸፍኖ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይቀመጣል። እጥፍ ሲሆን ወደ 135 ግራም እየተመዘነ ይከፋፈላል፣ ይድቦለቦላል፣ ላዩ በውኃ ርሶ ሰሊጥ ላይ ይደፋል። የሑመራ ነጭ ሰሊጥ ለዚህ የተፈጠረ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከ40 ደቂቃ በኋላ 220 ዲግሪ በሞቀ ምድጃ ከ18 እስከ 20 ደቂቃ ይጋገራል። ለመጀመሪያዎቹ 8 ደቂቃዎች በምድጃው ውስጥ ከታች የፈላ ውኃ በድስት ይቀመጥና ከዚያ ይወጣል። እንፋሎቱ ቅርፊቱ ቶሎ እንዳይደርቅና ዳቦው እንዲዘረጋ ያደርጋል፤ ውኃው እስከ መጨረሻው ከቆየ ግን ቅርፊቱ እንደ ቆዳ ይለጠጣል።

ትልቁ ስሕተት የሚመጣው ዳቦው ከወጣ በኋላ ነው። ትኩስ ዳቦ በፌስታል መጠቅለል የዳቦ ጋጋሪውን ድካም ገደል መክተት ነው። በቅርጫት ወይም በጨርቅ ይቀመጥ። በሐምሌና በነሐሴ እርጥበት ምክንያት ቅርፊቱ በሁለት ሰዓት ውስጥ ይለሰልሳል፤ ከመሸጡ በፊት 200 ዲግሪ ላይ ለ4 ደቂቃ መልሶ ማሞቅ ያድነዋል።

ወደ ዋናው ነገራችን እንምጣ። በፓሌርሞ «ፓኔሌ» የሚባለው የሽምብራ ዱቄት በውኃ ተገንፍቶ፣ በስሱ ተዘርግቶ፣ ቀዝቅዞ፣ ተቆርጦና ተጠብሶ በሰሊጥ ዳቦ የሚገባ ነው። የሽምብራ ዓሣ ለሚሠራ አገር ይህ ባዕድ አይደለም። ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የለበትም፤ ስለዚህ ረቡዕና ዓርብም ሆነ በዐቢይ ጾም ይበላል። ጅማ ደግሞ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አንድ ቤት ውስጥ ጎን ለጎን ቁጭ ብሎ ቡና የሚጠጣባት፣ ሥጋ ሲመጣ ግን «የማን እርድ ነው?» ተብሎ የሚጠየቅባት ከተማ ናት። ፓኔሌ ላይ ይህ ጥያቄ አይነሣም። በክርክሩ ከተጠቀሱት የጣሊያን ሳንድዊቾች ሁሉ በዚህ የሚወዳደረው የለም።

ዱቄቱ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ለሽሮ የተዘጋጀ ዱቄት አይሆንም፤ ቅመሙን ትተን እንኳ ሽምብራው ስለተቆላ ውኃውን አጥብቆ አይዝም፣ ዘይት ውስጥ ይበታተናል። ጥሬው ሽምብራ ተከክቶ፣ ገለባው ተለይቶ፣ ልሞ ይፈጫል። ወፍጮ ቤት ሲወሰድ በርበሬ ከተፈጨበት በኋላ እንዳይገባ አስቀድሞ መናገር ይገባል። ሌላ አማራጭ ከሌለ የመጀመሪያውን ግማሽ ኪሎ ለወጥ ማስቀመጥ ነው። ከዚያ በቀጭን ወንፊት ይነፋል።

ለ6 ሰው፦ 250 ግራም ዱቄት፣ 750 ሚሊ ሊትር ውኃ፣ 8 ግራም ጨው፣ አንድ እፍኝ የተከተፈ ፐርስሜሎ። ዱቄቱ የሚበጠበጠው በቀዝቃዛ ውኃ ነው። እንደ ገንፎ በፈላ ውኃ ላይ ከተነሰነሰ ይጓጉላል፣ ጉጉሉም ሲጠበስ ይፈነዳል። የተበጠበጠው ግማሽ ሰዓት ይረፍና መካከለኛ እሳት ላይ ወጥቶ ሳይቋረጥ ይማሰላል። ውኃ እዚህ የሚፈላው 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ ባሕር ዳርቻ ላይ 15 ደቂቃ የሚበቃው ጅማ ላይ 20 ደቂቃ ይፈልጋል። መድረሱ የሚታወቀው ከድስቱ ጎን እየለቀቀ አንድ ላይ ሲጠቀለልና የጥሬ ሽምብራ ሽታው ሲጠፋ ነው። ፐርስሜሎው የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው።

ሳይውል ሳያድር፣ ትኩስነቱ ሳያልፍ፣ ዘይት በተቀባ ትሪ ላይ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ውፍረት ይዞ ይዘረጋል። ከቀዘቀዘ በኋላ ለመዘርጋት መሞከር ከንቱ ነው፤ ይሰነጠቃል። ወፍራም ከሆነ ውስጡ ገንፎ ሆኖ ይቀራል፣ በጣም ከሳሳ ደግሞ ይደርቃል። አንድ ሰዓት ካረፈ በኋላ በመዳፍ ልክ በአራት ማዕዘን ይቆረጣል። ዘይቱ 180 ዲግሪ ይሁን፤ መለኪያ የሌለው ሰው የዳቦ ፍርፋሪ ይጣልበት፣ ወዲያው አረፋ እያወጣ ከተንሳፈፈ ደርሷል። በአንድ ጊዜ ከ6 ቁራጭ በላይ ከገባ ዘይቱ ይበርዳል፣ ፓኔሌውም ዘይት ይጠጣል። በየጎኑ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ፣ ወርቃማ እስኪሆን። አንድ ዳቦ 4 ቁራጭ ይይዛል፤ ጨው፣ ቁንዶ በርበሬና የግማሽ ሎሚ ጭማቂ ብቻ ይጨመርበታል።

አንዳንዶች አዋዜ ይጨመርበት ይላሉ። እኛ አንስማማም። አዋዜ የሽምብራውን ጣዕም ገድሎ የራሱን ብቻ ያስቀራል። የሚያቃጥል የሚወድ በአቼቶ የተዘፈዘፈ ቃሪያ ይጨምር። አቮካዶ ለጅማ ሰው ቅርብ ቢሆንም ከፓኔሌ ጋር ሲገናኝ ለስላሳ በለስላሳ ላይ ይሆንና ሲነከስ ሁሉም ወደ ጎን ይንሸራተታል። የግድ ከሆነ የታችኛው ዳቦ ላይ በስሱ፣ ሎሚ ጠብ ተደርጎበት ይቀባ። ድንች ግን ያምርበታል፤ ፓሌርሞዎችም የተጠበሰ የድንች ድቡልቡል አብረው ይከታሉ።

ለፍስክ ቀን ሁለተኛ የምናስቀምጠው የቺካጎውን ነው፤ ምክንያቱም የአገራችን በሬ ሥጋ ስብ የሌለውና ጠንካራ ነው፣ ያ አሠራርም የተፈጠረው ለእንዲህ ያለው ሥጋ ነው። 2 ኪሎ የታፋ ሥጋ ከታረደ በኋላ አንድ ቀን በማቀዝቀዣ ይረፍ። በ30 ግራም ጨው፣ በቁንዶ በርበሬ፣ በነጭ ሽንኩርትና በጦስኝ ይታሻል፤ አንድ ሊትር ተኩል ውኃ ባለበት መጥበሻ ላይ በሽቦ ተነሥቶ በ150 ዲግሪ ይጠበሳል፣ መሐሉ 65 ዲግሪ እስኪደርስ፣ ወደ ሁለት ሰዓት ገደማ። ከኮሶ ትል ሥጋት አንጻር ከዚያ በታች ማውጣትን አንመክርም። ሥጋው አድሮ ሲቀዘቅዝ በጡንቻው መስመር አግድም እጅግ ሳስቶ ይቆረጣል፤ በመስመሩ ተከትሎ የተቆረጠ እንደ ገመድ ይሆናል። መረቁ ይሞቃል እንጂ አይንተከተክም፤ የሚንተከተክ መረቅ ሥጋውን ያኮማትረዋል። ሥጋው ጥቂት ሰከንድ ተነክሮ ዳቦ ውስጥ ይገባል። አብሮት የሚቀርበው ካሮት፣ አበባ ጎመንና ቃሪያ ደግሞ በሊትር 60 ግራም ጨው ባለው ውኃ አንድ ሌሊት ሳይዘፈዘፍ ወደ አቼቶና ዘይት ከገባ ውኃውን ዳቦው ላይ ያራግፋል።

ስለ ሆጊ የምንለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ቲማቲሙ ተቆርጦ፣ ጨው ተነስንሶበት ለ10 ደቂቃ ውኃው ይንጠፍጠፍ፤ ፎርማጆውም ከሥጋው ሥር፣ ዳቦውን እየነካ ይቀመጥ፤ እርጥበቱን ያግዳል።

ጅማ በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ጣሊያን ለደቡብ ምዕራቡ ግዛት መቀመጫ ያደረጋት ከተማ ነበረች። ከዚያ ዘመን ፉርኖውና ፈረንጅ አራዳ የሚለው የሰፈር ስም ቀርተዋል። ፉርኖው ካለ፣ ሽምብራው ከሄርማታ መርካቶ ከተገዛ፣ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ አያስፈልግም። ቁርስ ቤቶች ይህን ለመሞከር ቢያስቡ ረቡዕ ቀን ይጀምሩ፤ ሊጡን ማለዳ 11 ሰዓት ላይ ያቡኩ፣ ፓኔሌውን ማታውኑ ዘርግተው ያሳድሩ፣ የሚጠበሰው ግን ደንበኛው ካዘዘ በኋላ ይሁን። ተጠብሶ ሩብ ሰዓት የቆመ ፓኔሌ ላዩ ይለሰልሳል፣ መልሶ ቢጠበስም አይመለስም።

ከአክብሮት ጋር፣
የዳቦና የሳንድዊች ሠራተኞች
ፈረንጅ አራዳ፣ ጅማ