ለልጄ፦ ሁለተኛው በረኛ ከወንበር ላይ ምን ያያል?

ውድ ልጄ፣

ሰላምሽ ይብዛ። ዘንድሮም ሁለተኛ በረኛ ሆነሽ መመዝገብሽን ስትጽፊልኝ ቅሬታሽ ከፊደሉ ይነበብ ነበር። ስለዚህ ስለ ፖርቱጋላዊው አሰልጣኝ ስለ ኑኖ ኤስፒሪቶ ሳንቶ ልጽፍልሽ አሰብኩ። አሰልጣኝነቱን አገር ያውቀዋል፤ በረኝነቱን የሚያነሳው ግን ጥቂት ሰው ነው። ለአንቺ የሚጠቅምሽ ይኸኛው ነው። ዓመቶቹን የምጽፍልሽ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በ1974 ሳኦ ቶሜ ተወለደ። ፖርቱጋል ውስጥ በቪቶሪያ ጊማራይሽ ታይቶ በ1997 ወደ ስፔኑ ዴፖርቲቮ ላ ኮሩኛ ተዛወረ። እዚያ ግን አብዛኛውን ጊዜ ወይ ተጠባባቂ ነው፣ ወይ በውሰት ሜሪዳና ኦሳሱና ይላካል። በ2002 ፖርቶ ሲገባ ደግሞ ከፊቱ አንደኛው በረኛ ቪቶር ባያ ነበረ። ፖርቶ በ2003 የዩኤፋ ዋንጫን፣ በ2004 ሞናኮን 3 ለ 0 ረትቶ ሻምፒዮንስ ሊግን ሲያነሳ ኑኖ ሁለቱንም ፍፃሜ የተከታተለው ከተጠባባቂ ወንበር ላይ ነው። ለዩሮ 2008 በተጎዳው በረኛ ኪም ምትክ ቢጠራም ለፖርቱጋል አንድም ጨዋታ አልተሰለፈም።

አንዷን ጨዋታ ግን ለይተሽ ያዢልኝ። ዲሴምበር 2004፣ ዮኮሃማ፣ ፖርቶ ከኮሎምቢያው ኦንሴ ካልዳስ ጋር የአውሮፓና የደቡብ አሜሪካ ሻምፒዮኖች ለሚገናኙበት የአህጉራት ዋንጫ ይጫወታል። ሁለተኛው አጋማሽ እየተገባደደ ሳለ ባያ የልብ ምቱ ተዛብቶ ወጣ፤ ኑኖ ገባ። 120 ደቂቃ ያለ ጎል አለቀ፤ ፖርቶ በመለያ ምት 8 ለ 7 አሸነፈ።

ተቀይሮ የገባ አማካይ አምስት ደቂቃ ሮጦ ሰውነቱን ማሟሟቅ ይችላል። በረኛ ግን የመጀመሪያዋ ኳስ ወደ ጎል የተመታች ልትሆን ትችላለች። ስለዚህ በዕረፍት ሰዓት መልበሻ ክፍል ገብተሽ አትቀመጪ፤ ሜዳ ላይ ቀርተሽ ስምንት አስር ደቂቃ ኳስ ያዢ። ከዚያ በኋላም በየሩብ ሰዓቱ ተነስተሽ ብሽሽትሽንና ትከሻሽን አፍታቺ፤ ቀዝቅዞ የሚወረወር በረኛ ቀድሞ የሚጎዳው ብሽሽቱን ነው። የጓንትሽን መዳፍ በውኃ አርጥቢው፣ ደረቅ ከሆነ ኳስ ያንሸራትታል። በማዕዘን ምት ማን ማንን እንደሚይዝ ሳትጠየቂ በቃልሽ እወቂ። ስትገቢ የመጀመሪያዋን ኳስ በአጭር አታቀብዪ፤ ወደ መስመር በረጅሙ ምቺያትና ትንፋሽሽን ሰብስቢ።

ወደ አሰልጣኝነቱ ልምጣ። ኮርሱን የጀመረው መጫወት ሳያቆም ነው፤ በ2009 ስኮትላንድ ላርግስ ሄዶ ተማረ። በኋላ ረዳቱ የሆነውን ኢያን ካትሮን የተዋወቀውም እዚያ ነው። በ2010 ጓንቱን ከሰቀለ በኋላ ዋና አሰልጣኝ ልሁን ብሎ አልተጣደፈም። በአሰልጣኝ ጄሱዋልዶ ፌሬራ ስር በስፔኑ ማላጋና በግሪኩ ፓናቲናይኮስ የበረኞች አሰልጣኝ ሆኖ ሠራ። በ2012 የፖርቱጋሉን ሪዮ አቬን ተረከበ፤ በ2014 ትንሹን ክለብ ለሁለቱም የአገር ውስጥ ዋንጫዎች ፍፃሜ አበቃው፤ ሁለቱንም በቤንፊካ ተሸነፈ። ቫሌንሲያንም በ2014/15 በ77 ነጥብ አራተኛ አድርጎ ሻምፒዮንስ ሊግ አስገብቶታል።

የበረኛ ዓይኑን ፍንትው አድርጎ ያሳየው ግን በእንግሊዙ ዎልቭስ ነው። በ2017/18 ሻምፒዮንሺፑን፣ የእንግሊዝን ሁለተኛ እርከን ሊግ፣ በ99 ነጥብ ሲያሸንፍ በ46 ጨዋታ የተቆጠረበት 39 ጎል ብቻ ነበር። አማካይ የነበረውን ኮነር ኮዲን ከሦስቱ የመሀል ተከላካዮች መካከል አቆመው። ኮዲ ፈጣን አይደለም፤ ነገር ግን ሜዳውን ከፊቱ አድርጎ እንደ በረኛ ይጮኻል፣ ያስተካክላል። ኳስ በመስመር ስትመጣ የዚያ ወገን ተመላላሽ፣ ማለትም በመስመሩ ወደፊትና ወደኋላ የሚመላለሰው ተከላካይ፣ ይወጣል፤ የለቀቀውን ቦታ የጎኑ የመሀል ተከላካይ ይሸፍናል፤ ኮዲ ከጎሉ ፊት አይነቃነቅም፤ የማዶው ተመላላሽ ወደ ውስጥ ይጠጋል። በረኛው ያኔ የሚጠብቀው ከአንድ አቅጣጫ የሚመጣ ምት ብቻ ነው። ውበቱ እዚህ ላይ ነው፣ ልጄ።

የሚበላሽበትንም እወቂ። ተመላላሾቹ ፈርተው ሲያፈገፍጉ አምስቱ አንድ መስመር ላይ ይደረደራሉ። ተከላካይ በጭንቅላቱ ያወጣውን ኳስ ከፍፁም ቅጣት ምት ክልሉ ጫፍ የሚለቅም ሰው አይኖርም፤ ተጋጣሚ ደጋግሞ ይመታል፤ የራስሽ አጥቂ ደግሞ መሀል ሜዳ ብቻውን ይቀራል። ቶተንሃም ላይ በ2021 የመጀመሪያዎቹን ሦስት የሊግ ጨዋታዎች፣ ማንቸስተር ሲቲን ጨምሮ፣ 1 ለ 0 አሸንፎ ሁሉም አጨብጭቦለት ነበር። ኦክቶበር መጨረሻ በሜዳው በማንቸስተር ዩናይትድ 3 ለ 0 ሲሸነፍ ግን ቡድኑ አንድም ኳስ ዒላማ ላይ አልመታም። በአራት ወር ተሰናበተ። መከላከሉ ብቻውን ቤት አይሆንም፤ መውጫ በር ያስፈልገዋል።

በሩን ያገኘው ኖቲንግሃም ፎረስት ላይ ይመስለኛል። ሙሪሎና ሚሌንኮቪች ከኋላ ዘጉ፤ ፈጣኖቹ የመስመር አጥቂዎች በመልሶ ማጥቃት ወጡ፤ ክሪስ ውድ በሊጉ 20 ጎል አስቆጠረ። በረኛው ማትዝ ሴልስ በ13 ጨዋታ ጎል ሳይቆጠርበት ወጥቶ ብዙ ጨዋታ ጎል ሳይቆጠርበት ለሚወጣ በረኛ የሚሰጠውን የወርቅ ጓንት ከአርሰናሉ ዳቪድ ራያ ጋር ተጋራ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት 17ኛ የነበረው ክለብ በ2024/25 በ65 ነጥብ ሰባተኛ ሆነ። ጃንዋሪ 2025 በበርንማውዝ 5 ለ 0 ተረትቶ፣ በሳምንቱ ብራይተንን 7 ለ 0 አሸነፈ።

በሚቀጥለው ጨዋታ ወንበር ላይ ስትቀመጪ ደብተር ያዢ። ኳስ በተጋጣሚ እግር ስር ስትሆን በተከላካዮቻችሁና በአማካዮቻችሁ መካከል ስንት ሜትር እንዳለ በየአሥር ደቂቃው ገምተሽ ጻፊ። ከ15 የበለጠበትን ደቂቃ አክብቢበትና ከዚያ በኋላ ምን እንደተፈጠረ ጎኑ ላይ አስፍሪ። ሲሞላ ላኪልኝ፤ አብረን እናየዋለን።

አባትሽ