ከካባው በታች ያለነውስ?

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

በእንጦጦ ተዳፋት ላይ ሊከፈት ስለታሰበው የጠጠርና የአሸዋ ካባ ያወጣችሁትን ዘገባ ደጋግሜ አነበብኩት። የሥራ ዕድሉ አለ፣ የጠጠር ዋጋ መናሩ አለ፣ ባለሀብቱ ሄልሜት አድርገው የተነሱት ፎቶም አልቀረም። መሐል ላይ ግን «በአካባቢው የሚጎዳ ነዋሪ የለም» የምትል ነገር ጣል ተደርጋለች። ያናደደችኝ እሷ ናት።

እኔ የምኖረው ከአራት ኪሎ ቁልቁል፣ ግንፍሌ ወንዝ ዳር ነው። ካባው ለሰው እግር ሩቅ ነው፣ አልክድም። ለጎርፍ ግን ቅርብ ነው። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ አራት ኪሎ ከ2,500 በታች። ግንፍሌም ቀበናም የሚነሱት ከዚያው ተራራ ነው። እዚያ ላይ ሲዘንብ፣ እኛ ጋ ጠብ ሳይል ወንዙ ሞልቶ ይመጣል። ይህን ለማወቅ ጂኦሎጂስት መሆን አያስፈልግም። ሐምሌ ላይ ድልድዩ ላይ ቆሞ ማየት ይበቃል።

ደግሞ ቦታው «ቁጥቋጦ ብቻ» ነው ተብሏል። ቁጥቋጦው እኮ አስታ ነው! ያንን ስስ አፈር ይዘው ያቆዩት አስታውና ሣሩ ናቸው። ካባ ሲከፈት መጀመሪያ የሚገፈፈው የላዩ አፈር ነው፤ ድንጋዩ ያለው ከሥር ነዋ። አፈሩ ወደ ዳር ይገፋና ይከመራል። ክረምት ሲገባ የት እንደሚሄድ ልንገራችሁ? ጓሮዬ።

አምና የግቢዬን አጥር ጎርፍ ወሰደው። ለሚመለከተው ቢሮ ባመለክት «ከላይ የመጣ ነው፣ ምን እናድርግ» አሉኝ። (ጎርፉን ይሁን መመሪያውን አልለዩልኝም።) ከላይ የሚመጣ ነገር እንዳለ ቢሮው እንኳ ያውቃል። ያልሰማው የእናንተ ዘጋቢ ብቻ ነው።

ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት ሲጀመር ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳር ይለማል ተባልን። ወንዙ ከእንጦጦ እንደሚጀምር ያኔ ሁሉም ያውቅ ነበር። አሁን ታች ሣርና ፋውንቴን፣ ላይ ክሬሸር! ለፋውንቴኑ ጭቃ ካስፈለገ በነፃ ይደርሳል።

ጠጠር አያስፈልግም አላልኩም። ከተማው በሙሉ እየተገነባ ነው፣ ከየትም መምጣቱ አይቀርም። ግን ሕግ አለ። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 የጥናቱ ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን፣ በተለይም ፕሮጀክቱ ሊነካው የሚችለው ማኅበረሰብ አስተያየት እንዲካተት ያዛል። ከካባው አጥር ጋር የተጎራበተ ብቻ ይጠየቅ አይልም። ታዲያ የግንፍሌና የቀበና ሰው ተጠይቋል? ዘጋቢያችሁ ይህቺን አንድ ጥያቄ አንስቶ ቢሆን ኖሮ እኔም ብዕር አላነሳም ነበር።

እርማት አውጡ። ጥናቱ የት ቢሮ እንደሚገኝና የነዋሪዎች ውይይት መቼ እንደሚደረግም ጨምሩበት። ከክረምቱ በፊት ቢሆን ጥሩ ነው።

የግንፍሌ ነዋሪ