የባናዌ እርከን ውኃ ሲያጣ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ እርከን ስትጽፉ የፊሊፒንሷን የባናዌ ወረዳ ብታነሡ ለአንባቢ ይጠቅማል። በኢፉጋዎ ተራሮች ካሉት ቀበሌዎቿ ባታድና ባንጋአን እ.ኤ.አ. በ1995 በዩኔስኮ መዝገብ ሰፍረዋል። ቲናዎን የሚባለው የአገሬው ሩዝ የሚታጨደው በዓመት አንዴ ነው።

ከእርከኑ በላይ ቤተሰብ የሚጠብቀው ደን፣ ሙዮንግ፣ ውኃውን ይዞ በቦይ ቀስ በቀስ ይለቃል። ደኑ ከተመነጠረ፣ ወይም ወጣቱ ከተማ ገብቶ ማሳው ጦም ካደረ፣ ጭቃው ይሰነጠቃል፤ ትልልቅ የምድር ትሎችም ድንበሩን ይቦረቡሩታል። ዝናብ ሲመጣ ውኃው በስንጥቁ ሰርጎ ግንቡን ከውስጥ ገፍቶ ይንደዋል፤ የላይኛውም የታችኛውን ይዞ ይወርዳል። ስለዚህ ከአጨዳ በኋላም ማሳው ውኃ እንደቋጠረ መቆየት አለበት።

የእኛው ኮንሶ እርከን ትርፍ ውኃን ማስወጣትም አለበት፤ የባናዌን አሠራር እንዳለ መቅዳት አይቻልም። በሁለቱም አገር ግን ለግንብ ጥገና ገንዘብ ከመመደቡ በፊት የላይኛው ተፋሰስ ይታሰብበት።